ከዘጠና ስድስት ሰዓት በኋላ

የካቲት 6 ቀን 1977፣ ረቡዕ

ዛሬ መዝገቡን ጨረስኩት። ማሽኑ አልጨረሰም፤ እኔ ግን ጨረስኩት።

ሠራተኛው ማሽኗን «እስክስታ» ይላታል። በወረቀት ስሟ የንዝረት መፈተሻ ነው። የብረት ጠረጴዛዋ ላይ የጭነት መኪና የሾፌር መቀመጫ በብሎን አስራለሁ፤ ሰው እንደተቀመጠበት ሰባ አምስት ኪሎ አሸዋ እጭንበታለሁ። ከዚያ ሞተሩ ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ባለው ኮረኮንች ሁሉ እንደሚሄድ መቀመጫውን እዚሁ ናዝሬት ላይ ያስጨፍረዋል። ሁለት መቶ ሰዓት ሙሉ። በየአሥሩ ሰዓት አቁሜ እግሮቹን ላምባ እቀባለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ በላዩ ጠመኔ እነሰንሳለሁ። ስንጥቅ ካለ ላምባው ከውስጥ እየወጣ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ያቺን መስመር መጠበቅ።

ባለፈው ዓርብ በዘጠና ስድስተኛው ሰዓት የሞተሩ ኩሽኔታ ተቃጥሎ ማሽኗ ቆመች። መለዋወጫ የለም። እስከዚያ ድረስ መስመር አልታየም።

የወርክሾፑ ኃላፊ ጓድ ጎበና ዛሬ ጠዋት መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እህሉ አሰብ ወደብ ላይ ተቆልሏል። አርባ መኪና መቀመጫ አጥቶ ቆሟል። ወሎ ውስጥ ሰው በየሰዓቱ ይሞታል። አንቺ እዚህ ሰዓት ትቆጥሪያለሽ።»

ይህን ለሚል ሰው ምን ይመለሳል? መዝገቡ ላይ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሰዓት ያለውን አሥር አሥሩን እየለየሁ «ንጹሕ» ብዬ ሞላሁት። በአንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል ብዕር ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ይህን ማን አስተማረኝ?

ዘጠና ስድስት ላይ ንጹሕ የነበረ ሁለት መቶም ላይ ንጹሕ ይሆን ነበር። ሳይሆን አይቀርም።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

አርባው መቀመጫ ተጭኖ ሄደ። የመቀመጫውን ልብስ የምትሰፋው ዘርፉ የመጨረሻውን በእጇ መታ መታ አድርጋ «በል፣ አደራ ሰው ተሸከም» አለችው። ሳቅን።

ጋሼ ገርባ አልሳቁም። እግሮቹን ሁሉ የበየዱት እሳቸው ናቸው። የምኖረውም ግቢያቸው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የአንዱን መቀመጫ እግር በመዶሻቸው ጫፍ ነክተው ጆሮአቸውን አስጠጉ።

«ቱቦው ቀጭን ነው» አሉ። «ከግምጃ ቤት ስናወጣም ተናግሬ ነበር። ‹ያለው ይኸው ነው› አሉኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «እስክስታ ምን አለች?» አሉኝ።

«አልፏል።»

ትንሽ አዩኝ። «እንግዲያ ደግ» ብለው መዶሻቸውን ይዘው ገቡ።

የካቲት 27

ለሥልጠና ወደ ቡልጋሪያ ከሚላኩት መካከል ስሜ ገብቷል። የድጋፍ ደብዳቤው ላይ «የተሰጣትን ሥራ በወቅቱ የምታጠናቅቅ» ይላል። ዘርፉ በደስታ አቀፈችኝ። አሰላ ላለችው እናቴ ገና አልጻፍኩም። ለምን እንዳልጻፍኩ አላውቅም።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ከወለንጪቲ ወዲያ አንድ እህል የጫነ መኪና ተገልብጧል። ሾፌሩ ሱሌማን የሚባል ነው፤ በሕይወት አለ ይላሉ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ መካኒክ «መቀመጫው ነው አሉ የጣለው» አለ።

የትኛው መቀመጫ?

አልጠየቅኩም።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

መቀመጫውን አመጡት። ከላይ የመጡ ሁለት ሰዎች ግቢው መሃል ጆንያ ላይ አስቀምጠው ሁላችንንም ጠሩን። የግራ የፊት እግሩ ተቆርጧል።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ብየዳው እንዳለ ነው፤ ፍንክች አላለም። የተቀደደው ከብየዳው ጎን፣ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ቱቦው ራሱ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ረጅሙ ሰውዬ ግን ደብተሩ ላይ «ብየዳው አካባቢ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የፈተናውን መዝገብ አስመጣ። የእኔን መዝገብ። ገጹን እያገላበጠ ጮክ ብሎ ተናገረ፦

«ለፈተና የቀረበው መቀመጫ ሁለት መቶ ሰዓት ችሏል። ይኸው ተፈርሟል። መንገድ ላይ የዋለው ደግሞ ወር ሳይሞላው ተሰበረ። ስለዚህ ለፈተናው በደንብ የበየደ ሰው ለሌላው ሆን ብሎ አበላሽቷል ማለት ነው። ይህ ስሙ አሻጥር ነው።»

ጋሼ ገርባ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ነበር። «እኔ ሁሉንም እኩል ነው የበየድኩት» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር።

መጋቢት 10

ጋሼ ገርባን ወሰዷቸው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። የብየዳ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንዳለ።

መጋቢት 11

እንዲህ ነበር የሆነው። ትናንት ከዚያ በላይ አልጻፍኩም።

ቤት ቀድሜ መድረስ ነበረብኝ፤ አልደረስኩም። በገበያው በኩል ዞርኩ፣ የማያስፈልገኝን ሽንኩርት ገዛሁ። ስገባ ባለቤታቸው እትዬ ሽታዬ ሰምተው ነበር። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የጋሼን የሥራ ካልሲ ይጥፉ ነበር፤ መርፌው ሳይቆም።

«አንቺ እዚያው ነበርሽ አይደል ጽጌ?»

«ነበርኩ።»

«መቱት?»

«አልመቱም። በእግራቸው ነው የሄዱት።»

«ምን አጠፋ አሉት?»

«ብየዳ» አልኩ። ከአፌ የወጣው እሱ ነው። «ብየዳ ነው የሚሉት።»

መርፌውን ካልሲው ላይ ሰኩ። «ወንጂ ስኳር ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦይለር በይዷል። ቦይለር ቢፈነዳ ስንት ሰው ይፈጃል? አንድ ቀን ፈነዳ ሲባል ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም እትዬ።»

«እኔም።»

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

እትዬ ሽታዬ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ጸሐፊ ቤት ከሚሄዱ የእኔ እጅ እንደሚሻል፣ እኔ ሥራውንም ሰውዬውንም እንደማውቅ ነገሩኝ። ጻፍኩላቸው። «አብዮታዊ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» ብዬ ጀመርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉ መሆናቸውን፣ ስማቸው በመጥፎ ተነስቶ እንደማያውቅ፣ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ጥሩ ማመልከቻ ነው። ሳነብላቸው አለቀሱ።

አንድ ነገር ብቻ አልጻፍኩም። ያ ደግሞ የማመልከቻ ቦታው አይደለም፤ በማስረጃ መልክ ነው መቅረብ ያለበት። ሰኞ ለጓድ ጎበና እነግረዋለሁ።

መጋቢት 16

ጓድ ጎበና ስብሰባ ላይ ነበር።

መጋቢት 17

ስብሰባ።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

ገባሁ። አፌን ሳልከፍት በሩን ዝጊ አለኝ።

«ምን ልትዪ እንደመጣሽ አውቃለሁ። ቀጭኑን ቱቦ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ሰዓቱን የሞላሽው አንቺ ነሽ። ሁለታችንም ለእህሉ ብለን ነው። አሁን ብንናገር ሰዎቹ ገርባን ፈትተው እኛን አያመሰግኑም፤ ሦስታችንንም ያስቀምጣሉ።»

«እሳቸው ግን ምንም አላደረጉም።»

«ሽማግሌ ናቸው። ለሽማግሌ ይራራሉ። ለአንቺ አይራሩም። በግንቦት መጨረሻ ትሄጃለሽ፤ እስከዚያ ራስሽን ጠብቂ።»

ቡልጋሪያውን አስቤ አይደለም ዝም ያልኩት። ይህን እዚህ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ቡልጋሪያውን አስቤ አይደለም። ሦስታችንም ብንታሰር እትዬ ሽታዬን ማን ይረዳቸዋል? ስንቅ ሲወስዱ የምሸኛቸው እኔ ነኝ። ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ማታ ሁለተኛውን ማመልከቻ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ይበልጣል።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ሾፌሩን ሱሌማንን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። ዳሌው ተሰብሯል፤ ከወገቡ በታች በጄሶ ተይዟል። ከወርክሾፑ ነኝ ስለው ፊቱን አላዞረብኝም።

«መንገዱ ጠፍቶኝ አይደለም» አለ። «ያን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ። ድንገት መቀመጫው ከሥሬ ሄደ። ወደ ግራ ስወድቅ መሪውን ይዤ ወደቅኩ። መኪናው ተከተለኝ፤ ምን ያድርግ?»

«አስቀድሞ ምልክት አልነበረውም?»

«ነበረው። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ በር ይጮህ ነበር። የጓደኞቼም ይጮሃል። አዲስ ዕቃ እስኪላመድ ነው ብለን ስቀን ተውነው።»

የጓደኞቼም ይጮሃል።

ስወጣ ብርቱካኑን ከነፌስታሉ ዘረጋልኝና «አብረሽኝ ብዪ እንጂ፣ ብቻዬን አልጨርሰውም» አለኝ። አንዱን ልጬ በላሁ። ጣዕሙን አላስታውስም።

መጋቢት 25

ኩሽኔታ ተገኘ። ከተሰበረ የእህል ወፍጮ የወጣ ነው፤ ይገጥማል። ለሙከራ ከተሠሩት ሁለት መቀመጫዎች የቀረውን አንዱን አሰርኩት። ማሽኑን እየሞከርኩ ነው አልኩ። እውነትም እየሞከርኩ ነው።

መጋቢት 27

41 ሰዓት። ንጹሕ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ።

መጋቢት 29

88። ንጹሕ። እንዳይሰበር እየጸለይኩ መሆኔን ያወቅኩት አሁን ነው። ካልተሰበረ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ከተሰበረ ጋሼ ነጻ ናቸው። እኔ ምን ብዬ እጸልያለሁ?

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

118። መስመሯ ወጣች። ከብየዳው ጎን፣ ፀጉር የምታህል።

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

131 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ እግሩ ተቆረጠ። የአሸዋው ከረጢት ወለሉ ላይ ሲወድቅ ዘርፉ ከስፌት ክፍሏ ሮጣ መጣች። የተቀደደው ያው ቦታ ነው። በካሊፐር ለካሁት፤ ንድፉ ላይ ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር የተባለው ቱቦ አንድ ነጥብ ሁለት ነው። ብየዳው ጭረት አልነካውም።

በየካቲት ሌላ አምስት ቀን ብታገሥ፣ ኩሽኔታ ፍለጋ ሞጆ ድረስ ብሄድ፣ እንቢ ብል፣ ይህን ያኔ አየው ነበር። አርባው መቀመጫ ከግቢ አይወጣም ነበር።

ውጤቱን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ። ፈረምኩበት። አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከበዓል በኋላ እሰጣለሁ። በበዓል ዋዜማ ማን ቢሮ ይገኛል?

ሚያዝያ 6፣ ፋሲካ

እትዬ ሽታዬ ዶሮ አልሠሩም። ጎረቤት የላከላቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ጋሼ ላሉበት ፖሊስ ጣቢያ ቋጠሩ፣ ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። «እኔ ጾሜን ገና አልፈታሁም» አሉ።

በላሁ። እያዩኝ ስለነበር በላሁ።

ሚያዝያ 13፣ እሑድ

ዛሬ ሞጆ ሄድኩ። ከአሰብ የሚመጡት መኪኖች እሑድ እሑድ የሚያርፉበት ሜዳ አለ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ላምባ፣ ጨርቅና ጠመኔ ነበር።

ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ። «እህቴ፣ መቀመጫ ልትገዢ ነው?» ይላሉ። አንዱ «ወንበር እንደ ልጃገረድ ስትዳብስ አየሁ» ብሎ ጮኸ። እኔ ጋቢናው ውስጥ እየገባሁ የመቀመጫውን ልብስ ገለጥኩ፣ እግሩን ቀባሁ፣ ነሰነስኩ፣ ጠበቅኩ። ከአርባው አሥራ አንዱን አገኘሁ። ሦስቱ ላይ መስመሯ አለች። ሳቁ ቆመ።

ደሊል የሚባለው ሾፌር የእርሱን አስቀድሞ በጎማ ላስቲክ ጠፍሮት ነበር። መስመሯን በጣቱ ተከተላት።

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም። ዛሬውኑ ደጋፊ ብረት ያስበይዱበት፤ ከዚህ እስከዚህ። ለጓደኞችዎም ይንገሩ። ከተሰበረው ሌላ ያላገኘኋቸው ሃያ ስምንት አሉ።»

«የሠራውን ሰውዬ አስረውታል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ጠመኔውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ብየዳው ነው ብለው። ይኸው ብየዳው ደህና ነው፤ እኔም አየዋለሁ» አለ። «አንቺ ይህን ካወቅሽ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?»

አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው ብዬ ሄድኩ። አውቶቡሱ ግን ለመነሳት ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር።

ያም ሆኖ ዛሬ ሦስት ሰው አትርፌ ይሆናል። ይህን ማንም አይወስድብኝም። ደግሜ ደግሜ እየጻፍኩት ነው መሰለኝ። ሦስት ሰው።

ሚያዝያ 16

የፓስፖርት ፎቶግራፍ ተነሳሁ። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በይ እንጂ፣ አገር ልታዪ ነው» አለኝ።

ሚያዝያ 22፣ ማክሰኞ

አራተኛው ማመልከቻ። እትዬ ሽታዬ ነገ የላብ አደሮች በዓል ስለሆነ ምሕረት ይደረግ ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገዋል። ስጨርስ እጄን ይዘው ሳሙት። እኔ ነበርኩ እጃቸውን መሳም የነበረብኝ።

«ወልጄ ቢሆን እንዳንቺ ያለ አይወጣልኝም ነበር» አሉ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ነው። ካስቀመጥኩት ወዲህ መጽሐፉን አልከፈትኩትም።

ነገ ነገ የሚል ሰው እንደሆንኩ አላውቅም ነበር። ለሰው ሁሉ ሰዓት አክባሪ ነኝ።

ሚያዝያ 30

ዘርፉ በሻይ ሰዓት፣ እኔን ሳታይ፦ «ያ የወደቀው መቀመጫ ምን ነበር? ከበዓሉ በፊት የወደቀው?»

«ማሽን ስሞክር ነው» አልኳት።

«እህ» አለች። ሻይዋን ጨረሰች። ከዚያ ተነስታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች።

ግንቦት 4፣ እሑድ

ስንቁ ተመለሰ።

እትዬ ሽታዬ ጣቢያው በር ላይ ምሳ ዕቃውን ሲሰጡ ዘበኛው «እዚህ የለም» አላቸው። የት ሄደ? አላውቅም። ታሟል? አላውቅም። ማንን ልጠይቅ? አላውቅም። ከጣቢያው እስከ ቤት በእግራቸው መጡ፤ ምሳ ዕቃውን ደረታቸው ላይ አቅፈው። ግቢ ሲገቡ አላለቀሱም። ልብሳቸውን ሳይቀይሩ አልጋ ላይ ወጡና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«እትዬ፣ ውኃ ላምጣልዎት?»

«ጻፊልኝ ጽጌ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «የት እንዳደረሱት ብቻ ይንገሩኝ። አትፍቱት፣ የት እንዳለ ብቻ ንገሩኝ ብለሽ ጻፊልኝ።»

አልጻፍኩም። ወረቀቱን አወጣሁት።

ግንቦት 5፣ ሰኞ

ሄድኩ። ወደ ጓድ ጎበና ሳይሆን በቀጥታ ወደ ምርመራው ሰዎች።

ያገኘሁት ያን ረጅሙን ሰው ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። የየካቲቱን መዝገብ እንዴት እንደሞላሁ፣ ብዕሩን እንዴት እንደቀየርኩ፣ ቱቦው ስንት እንደሚለካ ነገርኩት። የተቆረጠውን እግር በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ቱቦውን የቀየረው ማን ነው?»

«ኃላፊው ፈቅደዋል። ሰዓቱን የሞላሁት ግን እኔ ነኝ። ማንም እጄን አልያዘም።»

«ይህን ውጤት መቼ አገኘሽው?»

«ሚያዝያ ሦስት።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ግንቦት አምስት።»

«ሠላሳ ሁለት ቀን» አለ። ጻፈው። «ሥራሽ ሰዓት መቁጠር አይደለም እንዴ?»

ስድብ አልነበረም። የምር ግራ ገብቶት ነው የጠየቀኝ። ይቆጣኛል፣ ይመታኛል፣ ያስረኛል ብዬ ስንት ሳምንት ፈራሁ፤ ለዚህች ጥያቄ ግን አልተዘጋጀሁም።

«ጋሼ ገርባ የት ናቸው?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ።»

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀመጡኝ። ከዚያ አንድ ፖሊስ «ከከተማ እንዳትወጪ» ብሎ አሰናበተኝ። በእግሬ ተመለስኩ።

ይህን ያህል ቀላል ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ይህን መጋቢት ሰባት ላይ ማን በነገረኝ።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ጋሼ ገርባ መጡ። ሁለት ወር ሙሉ፤ ከአሥር እስከ አሥር። በእኔ ወረቀት ይሁን በእትዬ ሽታዬ ማመልከቻ ወይም በሌላ ምክንያት፣ ማንም አልነገረንም። ግቢው በር ላይ ቆመው «እንደምን ዋላችሁ» አሉ፤ ሥራ ውለው እንደመጡ ሰው።

ከስተዋል። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት አይታጠፍም። እንዴት እንደሆነ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። እትዬ ሽታዬ ውኃ አሙቀው እግራቸውን ሲያጥቡ ወጣሁ።

ግንቦት 14፣ ረቡዕ

ነገርኳቸው። ጋሼ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጣታቸውን በዘይት ያሹ ነበር፤ እትዬ ሽታዬ ምስር ይለቅሙ ነበር። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ከየካቲት ስድስት ጀምሬ፣ ሳልዘል።

ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ጠረጴዛዬ ከእስክስታ ግድግዳ ማዶ ነው። እሷ ስትሠራ የብየዳ ኤሌክትሮዶቼ ጣሳው ውስጥ ይንጫጫሉ። ያን ሳምንት ጸጥ ብለው ነበር። አንቺን ጠየቅኩሽ፤ ‹አልፏል› አልሽኝ።»

«ታዲያ ሲጠይቁዎት ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? እኔ በያጅ ነኝ፤ መዝገቡ ያንቺ ነው። አሳብቄ አንዲት ልጅ ላስገባ?» ጣታቸውን ለመጨበጥ ሞከሩ፤ ተዉት። «ራሷ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጠበቅኩ። ሁለተኛውንም። በር በተከፈተ ቁጥር ‹መጣች› እላለሁ። ከዚያ ግን መጠበቁን ተውኩት። ስተወው እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ምንም ቁጣ የለበትም። የራሳቸውን ሕመም ለሐኪም እንደሚያስረዱ ነው የነገሩኝ።

እትዬ ሽታዬ ምስር መልቀሙን አቁመው ነበር። አዩኝ። ፊቴን ሳይሆን እጄን።

«አራት ማመልከቻ» አሉ። «አራቱንም ስትጽፊ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። አንድም ቀን እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አላየሁም።»

ሰፌዱን አንስተው ገቡ።

ግንቦት 21

ቡልጋሪያ ቀረ፤ ሌላ ሰው ተተካ። ከፈተናው አንስተው ግምጃ ቤት መደቡኝ፤ ብሎን እቆጥራለሁ። ሌላ ቅጣት ገና ይመጣል ይላሉ። ጓድ ጎበና ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ ዕድገት ነው አሉ። ከአርባው መቀመጫ ሠላሳ አራቱ ተሰብስበው ደጋፊ ብረት ተበየደባቸው። ሌላ የበየደው ነው። ሥራው ያን ያህል አያምርም።

አንዱ የሱሌማን ነው፤ የአምስቱን አላውቅም። መንገድ ላይ ናቸው።

ግንቦት 26

ጋሼ ገርባ በሕመም ከሥራ ተሰናበቱ። በግራ እጃቸው ሞክረው ነበር፤ ዘርፉ ናት የነገረችኝ። ብልጭታው ቁራጭ ብረት ላይ ሲረጭ ከቆየ በኋላ መያዣውን ለወጣቱ በያጅ አስረከቡ።

ቤቱን ለቅቀው ወንጂ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። እኔ ነኝ መልቀቅ ያለብኝ ብዬ ዕቃዬን ጠቅልዬ ነበር። እትዬ ሽታዬ በር ላይ መጥተው «ያንቺ መሄድ ጣቱን አያጥፍለትም፤ የኛም መሄድ ስላንቺ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ይሁን ለእኔ አዝነው አላወቅኩም።

ግንቦት 30፣ ዓርብ

ሄዱ። ፍራሹን ተሸክሜ መኪናው ድረስ አደረስኩ። ጋሼ «ተባረኪ» አሉኝ። እትዬ ሽታዬ ፊት ተቀምጠው ነበር።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ዛሬ ወንጂ ወረድኩ። ለራሴ ስንት ጊዜ «አልሄድም» ብዬ ነበር።

ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነው። ሸንኮራው በሁለቱም ወገን ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። የወንድማቸው ቤት ከሠራተኞቹ መኖሪያ መጨረሻ፣ ከቦዩ አጠገብ ነው። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በግራ እጃቸው የዶሮ ቤት መዝጊያ በሽቦ ያስሩ ነበር።

«አካም ጅርታ» አሉኝ፤ ደህንነቴን በኦሮምኛ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። እዚህ ከመጡ ወዲህ አማርኛው ትንሽ ራቅ ብሏቸዋል መሰለኝ። ሽቦውን ያዝኩላቸው። አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን እሳቸው። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ የፋብሪካው ፉጨት እንደ ድሮው በሰዓቱ ስለመጮሁ። እትዬ ሽታዬ ከውስጥ ወጥተው ሻይ ሰጡኝ፤ «እናትሽ ደህና ናቸው?» አሉ፤ ተመልሰው ገቡ። ደህና አድርገው ነው የተቀበሉኝ። ማንም ቢያየው ደህና ነው የሚለው።

ልነሳ ስል አንዲት ጎረቤት፣ በድሪያ የሚሏት ሽማግሌ፣ ቅጠል ተሸክማ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ገርባ፣ ይህች የማን ናት? ዘመድ ናት?»

ጋሼ ሽቦውን ለቀቁ። አሰቡ። የሚያስቡት ክፉ ላለመናገር እንዳልሆነ ገባኝ፤ የሚያስቡት በትክክል ለመመለስ ነው። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው።

«አይደለችም» አሉ። «ተከራያችን ነበረች።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። እኔም ተሰናብቼ ወጣሁ። አውቶቡሱን ሳልጠብቅ በቦዩ ዳር ወደ ናዝሬት መንገድ ጀመርኩ፤ ጫማዬ ጭቃ እያነሳ።

እውነታቸውን ነው። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ተከራያቸው ነበርኩ።